የጋሽ እንድሪስ ፎርትራን

ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ቢታንያ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረችና «ሰኒዬ፣ በእኔ በኩል ክሊን ነው። ችግሩ ከድሮው ኮድ ነው» አለችኝ። ቢታንያ እኛ ቢሮ ከተቀጠረች ገና አራተኛ ወሯ ነው፤ ፈጣን ናት፣ ደስ የምትል ልጅ ናት። ያን ቀን በሁለት የተለያዩ የፕሮግራም ቋንቋዎች የተጻፉ ሥራዎችን የሚያገናኝ ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚመጣ የኮድ ጥቅል፣ እየጫነች ነበር። አሁን መጫን ማለት አንድ መስመር መጻፍ ነው። መስመሩን ጽፋ፣ ምሳ ዕቃዋን ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትታ ስትመለስ አልቆ ጠበቃት።

«እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት።

«ቴስቱን እኮ ሦስቴ ራን አድርጌዋለሁ! ሲሪየስሊ፣ የድሮው ኮድ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወንበሬን ስቤ አብሬያት እፈትሽ ነበር። ያን ቀን ግን ከእግሬ የጀመረ ድካም መላ ሰውነቴን ያዘኝ፤ «እስቲ ከሰዓት እናየዋለን» ብዬ ተነሣሁ። ማታ ቡልቡላ ቤቴ ስደርስ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል። ስድስተኛ ፎቅ ድረስ በየደረጃው እያረፍኩ ስወጣ የማስበው ስለ ቢታንያ አልነበረም። እኔም በእሷ ዕድሜ፣ በዚያው ድምፅ፣ ያንኑ ነገር ተናግሬዋለሁ። እኔ ስናገረው ግን የድሮውን ኮድ የጻፉት ሰውዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ይሰሙኝ ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የምኖረው ገርጂ ከወላጆቼ ጋር ነበር፤ ቢሮው ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ ጀርባ ያለ አሮጌ ቪላ ነው። ሥራችን የውሃ ጥናት ነበር። አንድ ወንዝ በክረምት ምን ያህል ሊሞላ እንደሚችል አስልተን መንገድ ለሚሠሩና ግድብ ለሚገነቡ ሰዎች እንሰጣለን። እኔ ውሃ አላጠናሁም፤ የተቀጠርኩት ለኮምፒውተሩ ነው፣ ያውም ለሙከራ ጊዜ። ሙከራውን ካለፍኩ ቋሚ እሆናለሁ፤ ካላለፍኩ «ቻው» ነው።

ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ጋሽ እንድሪስ የጻፉት ፕሮግራም ነበር። ጋሽ እንድሪስ የወሎ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሹራባቸውን በሐምሌም በግንቦትም የማያወልቁ። የጡረታ ዕድሜያቸው አልፎ በየዓመቱ በሚታደስ ውል ነበር የሚሠሩት። ፕሮግራሙን ከሃያ ዓመት በላይ ሲያሻሽሉት የኖሩት በፎርትራን ነው፤ ፎርትራን ከኮምፒውተር ቋንቋዎች ሁሉ አንጋፋው ነው ማለት ይቻላል። አለቃችን ዮናስ ግን በዚያ ዓመት አዲስ ሲስተም አሠርቶ ነበር፤ ካርታ የሚያሳይ፣ ሪፖርት በቀለም የሚያወጣ፣ ፓይዘን በሚባል ሌላ ቋንቋ የተጻፈ። አዲሱ ሲስተም ጌጡ ብዙ ነው፣ ስሌት ግን አይችልም። የእኔ ሥራ ሁለቱን የሚያገናኝ ላይብረሪ መጫንና መፈተሽ ሆነ። ዮናስ ሁለታችንንም ቢሮው ጠርቶ «እስከሚቀጥለው ዓርብ ከገጠመ የጋሽ እንድሪስ ፕሮግራም ይቀጥላል፣ ውላቸውም ይታደሳል። ካልገጠመ ግን ሌላ እንገዛለን፤ እሳቸውንም በክብር እንሸኛለን» አለ።

ከቢሮው ስንወጣ ጋሽ እንድሪስ ኮሪደሩ ላይ ቆም አሉ። «ሰናይት፣ እኔ ቤት መዋል አልችልም» አሉኝ። «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚያናግረኝ ሬዲዮኑ ብቻ ነው። ቤት ከዋልኩ እታመማለሁ።» ለማስፈራራት አልነበረም፤ እንዲያው ልወቀው ብለው ነው።

ነሐሴ ነበር። በዚያ ዓመት ረመዳንና ፍልሰታ ገጥመው ነበር። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እሳቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ ምንም ሳንቀምስ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ከቢሮው አጥር ጥግ አንዲት ሴትዮ ጃንጥላ ዘርግታ በቆሎ ትጠብሳለች። «ያንን መስኮት ዝጊው እባክሽ፣ የሴትዮዋ በቆሎ ሁለታችንንም ጾም ሊያስፈታን ነው» ይሉኝ ነበር። እዘጋዋለሁ። ከዚያ ክፍሉ ይታፈንና መልሼ እከፍተዋለሁ። ጾምን ሰበብ ማድረግ አልፈልግም፤ ሆኖም በዚያ ሳምንት ጭንቅላቴ ከስምንት ሰዓት በኋላ እንደ ጭንቅላት አልሠራም።

ላይብረሪውን ማምጣት ራሱ ሦስት ቀን ፈጀ። የቢሮው ኢንተርኔት ኢሜይል ለመክፈትም ጭንቅ ነበር፤ ስለዚህ ቦሌ መንገድ ላይ አንድ ኢንተርኔት ካፌ እየሄድኩ በፍላሽ አወርደዋለሁ። ሰማንያ በመቶ ደርሶ ይቋረጣል፤ እንደገና ከዜሮ። አንዴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። የካፌው ባለቤት «አይዞሽ እህቴ፣ ነገ ደግሞ ነይ» አለኝ፤ እኔ ግን ማልቀስ ዳድቶኝ ነበር። ከካፌው ወጥቼ በጭቃው ላይ እየዘለልኩ ስሄድ ስኒከሬ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል።

ላይብረሪው ሲጫን የሚሰጠው መንገዱን ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ የትኛው ቁጥር በምን ቅደም ተከተል እንደሚያልፍ የሚናገር ትንሽ ፋይል በእጅ ይጻፋል። ከዚያ ያ ጽሑፍ በሌላ መሣሪያ ማሽኑ ወደሚገባው መልክ ይለወጣል። የመጀመሪያውን ሙከራ እሑድ ቀን ቤት፣ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ጽፌና ለውጬ በፍላሽ አመጣሁት። ሰኞ ጠዋት የጋሽ እንድሪስ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩት፤ ዋናው ፕሮግራምና የድሮ መረጃው ሁሉ ያለው እዚያ ነውና።

ስለዚያ ኮምፒውተር አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ጋሽ እንድሪስ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ነበር የሚያደርጉት። ዓመቱም፣ ወሩም፣ ሰዓቱም የእኛ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የኮምፒውተሩም ጥግ ሦስት ሰዓት ይላል። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፦ ፕሮግራሙ ሪፖርት ሲያትም ቀኑን ከማሽኑ ወስዶ አናቱ ላይ ይጽፋል፣ ሪፖርቱ የሚሄደው ደግሞ የፈረንጅ ቀን ወደማይጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች ነው። ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ በጳጉሜ ሪፖርት አያትሙም ነበር። «ጳጉሜ የማሽኑ ዕረፍት ነው» ይላሉ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ አንድም ቀን አልገረመኝም። እናቴ ሳሎን ያለው የግድግዳ ሰዓትም እንዲያው ነው የሚቆጥረው።

ፈተናው ቀላል ነበር። ጋሽ እንድሪስ በወጣትነታቸው በእጅ ያሰሏቸው ሰባት ወንዞች በአንድ የተቦጫጨቀ ደብተር ላይ አሉ። የእኛም መልስ ከደብተሩ ጋር መግጠም አለበት። የመጀመሪያውን ወንዝ ሞከርኩ። ደብተሩ አራት ሜትር ከሩብ ይላል፤ የእኔ ሁለት ሜትር እንኳን አይሞላም። እንዲህ ያለ ቁጥር አምኖ መንገድ የሠራ ሰው በመጀመሪያው ክረምት መንገዱን ጎርፍ ይወስድበታል።

«አብሽሪ» አሉኝ ጋሽ እንድሪስ፣ «ገና ሰኞ ነው።»

ማክሰኞ ጠዋት ስህተቱን አገኘሁት። ፎርትራን ሠንጠረዥን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው፤ ሌላው ወገን ከግራ ወደ ቀኝ። የእኔ ፋይል ይህን ሳያስተካክል ስለሚያሳልፈው የአንዱ ዓመት ዝናብ ከሌላው ዓመት ዝናብ ጋር ይቀላቀላል። ከደስታ ብዛት ጠረጴዛውን መታሁት። ፋይሉን አስተካከልኩ፣ መሣሪያው እንዲለውጠው አዘዝኩ፤ «ሁሉም የተሟላ ነው» የሚል አጭር መልስ ሰጠኝ። ፈተናውን ደገምኩት። ሁለት ሜትር እንኳን አልሞላም። ያው ቁጥር፣ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ድረስ።

በሌላ መንገድ ጻፍኩት። «ሁሉም የተሟላ ነው።» ያው ቁጥር። ረቡዕ ከባዶ ጀመርኩት፤ ያው። ሐሙስ ሠንጠረዡን ሆነ ብዬ ገለበጥኩት፣ ቢያንስ ሌላ ስህተት ላግኝ ብዬ፤ ያው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ሆነ ብሎ የተበላሸ ነገር መልሱን ካልቀየረ ነገሩ ጭራሽ አልገባም ማለት ነው። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር፤ ደክሞኝ ነው፣ ርቦኝ ነው፣ ደግሞም ፈርቻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ሐሳብ ገባ፦ እኔ አራት ጊዜ ለዋውጬ መልሱ ካልተለወጠ ስህተቱ የእኔ ላይሆን ይችላል። ሐሳቡ እንዴት እንደጣፈጠኝ እስካሁን አልረሳውም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾም በያይነቱ በላሁና ከስንት ቀን በኋላ ተረጋግቼ ሻይ ጠጣሁ።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ዮናስ ቢሮ ተሰበሰብን። ሦስታችን ብቻ ነን። ጋሽ እንድሪስ ለጁምዓ ስለሚሄዱ ነጭ ቆባቸውን ይዘው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል።

«እሺ፣ ገጠመ?» አለ ዮናስ።

«አልገጠመም።»

«ችግሩ የት ነው? በአንቺ በኩል ነው ወይስ በፕሮግራሙ?»

ጋሽ እንድሪስን አላየኋቸውም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የዮናስን የመኪና ቁልፍ እያየሁ «የእኔ በኩል አምስት ጊዜ ተፈትሿል፤ ንጹሕ ነው። ችግሩ ከድሮው ፕሮግራም ነው» አልኩ።

ጋሽ እንድሪስ ቀስ ብለው «ሃያ ዓመት ሙሉ ከደብተሩ ጋር ሲገጥም ነበር» አሉ።

«ጋሼ፣ ብቻውን ሲሆን ይሆናል» አለ ዮናስ። «ከአዲሱ ጋር ካልሄደ ግን ምን እናድርገው? እርስዎስ ቢሆኑ ምን ይላሉ?»

ጋሽ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሩ። «በደንብ ፈትሸሽዋል ልጄ?»

«አዎ ጋሽ እንድሪስ።»

«እንግዲያ የእኔ ነው» አሉና ቆባቸውን አንሥተው ወጡ። ልጅቷ አልፈተሸችውም አላሉም። አንድ ቀን ስጡኝ አላሉም። አራት ቀን አጠገባቸው ስለፋ አይተውኛል፤ አመኑኝ።

ሰኞ የመሸኛ ወረቀታቸውን ፈረሙ። ማክሰኞ ዮናስ ኮምፒውተራቸው ላይ ያለውን ሁሉ ገልብጬ እንዳስቀምጥ ላከኝ። ጠረጴዛው ባዶ ነበር፤ የብርጭቆ ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል። የእኔን ፋይሎች ለመገልበጥ ስከፍት ዝርዝሩ በቀን ተደርድሮ መጣ። እሑድ ቤት የለወጥኩት ፋይል በፈረንጅ ዓመት ከላይ ተቀምጧል። እኔ በዚህ ማሽን ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ያስተካከልኩት ጽሑፍ ደግሞ ከሥር ነው፤ ከሰባት ዓመት በላይ በፊት የተጻፈ ይላል።

የሚለውጠው መሣሪያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጽሑፉ ከተለወጠው ፋይል ይበልጥ አዲስ ነው ወይ? አዲስ ከሆነ ይለውጣል፤ ካልሆነ ይተወዋል። በጋሽ እንድሪስ ማሽን ላይ የምጽፈው ሁሉ የእኛን ዓመት ስለሚይዝ ለመሣሪያው ሁሌም አሮጌ ነበር። «ሁሉም የተሟላ ነው» ያለኝ «ምንም አልሠራሁም» ማለቱ ነው። አምስቱም ጊዜ ስፈትሽ የነበረው የእሑዱን ስህተት፣ የራሴን ስህተት ነው።

የማክሰኞውን ማስተካከያ መለስኩና የእሑዱን የተለወጠ ፋይል ሰርዤ እንደ አዲስ አስለወጥኩት። አራት ሜትር ከሩብ። ሁለተኛውን ወንዝ ሞከርኩ፤ ገጠመ። ሰባቱም ገጠሙ። በአንዱም አልተደሰትኩም።

ወደ ዮናስ ሮጥኩ። ነገርኩት፤ ለእሱ ሁሉንም፣ እውነቱን ነው የነገርኩት። ፊቱ በራ። «እንኳን ተገኘ! በቃ ሌላ አንገዛም» አለ።

«ጋሽ እንድሪስስ?»

«እሳቸው እኮ ፈርመዋል ሰናይት። የዕድሜ ጉዳይም ነው፣ ዛሬ ባይሆን ከርሞ። አታነካኪው። አንቺም የሙከራ ጊዜሽን አልፈሻል።»

ይህን ሲለኝ አልተከራከርኩም። ቋሚ ሆንኩ። የዚያን ቀን ማታ አባቴ ጎረቤቱን ሁሉ «ልጄ ቋሚ ሆነች» እያለ ሲያስቸግር እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ አያለሁ።

ሐሙስ ጋሽ እንድሪስ የቀረ ዕቃቸውን ሊወስዱ መጡ። ለሁላችንም ቴምር ይዘው ነበር የመጡት፤ «ዒዱ ሲደርስ ስለማልኖር ነው» አሉ። ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን። ሰው አልነበረም። ለሁለት ቀን የተለማመድኩት ንግግር ነበር፤ አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ቁጥሩ ገጠመ» አልኳቸው።

«ገጠመ?» ዓይናቸው እንዴት እንደበራ!

«ሰባቱም። ችግሩ ቀኑ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ያደረጉት የእኛ ቀን መሣሪያውን አሳስቶት ነው።»

ይኸው ነው። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ አንድም ውሸት የለበትም። ጽሑፌ መጀመሪያ ስህተት እንደነበረ አልተናገርኩም። ሳላረጋግጥ እንደፈረድኩ አልተናገርኩም። ጋሽ እንድሪስ ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሃ... እኔው ነኛ» አሉ። «በገዛ እጄ። ስንቱን ዓመት እንደዚያ ሳደርግ!» ከዚያ ሳቁ። «አብሽሪ ልጄ፣ ምን ሆነሻል? እንኳን አገኘሽው።» ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ካርቶናቸውን ታቅፈው ወጡ። ከኋላቸው «አይ፣ እርስዎ አይደሉም» ለማለት በሩ ድረስ የሚያደርስ ጊዜ ነበረኝ። ሴትዮዋ ጋ ቆመው በቆሎ ሲገዙ በመስኮቱ አየኋቸው፤ ለማታ ይሆናል፣ በጋዜጣ አስጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

ፕሮግራማቸው ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሠራ። አዲስ የሚቀጠር ሁሉ የእኔ ሥራ ይመስለዋል፤ ሰነዱ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰው ሲጠይቀኝ አስተካክል ነበር። ኋላ ተውኩት፤ ማስረዳቱ ራሱ ያደክማል።

የዛሬ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ኒካህ ላይ ተጠራሁ። ልጃቸው ጋ ለሚ ኩራ፣ አዲስ በተሠሩት ሕንፃዎች መካከል በተጣለ ድንኳን ውስጥ ነበር። ለክርስቲያኖቹ ለብቻ የተዘጋጀ ማዕድ ነበርና ወደዚያ ወሰዱኝ። ጋሽ እንድሪስ በከዘራ እየተደገፉ እኔ ያለሁበት ድረስ መጡ። አቀፉኝ። ከዚያ ሙሽራዋን፣ ወንድሞቿንና ሌሎቹን ልጆች ጠርተው ከበቡኝ።

«የነገርኳችሁ ልጅ ይቺ ናት» አሏቸው በኩራት። «ስህተቴን ያገኘችልኝ።»

ልጆቹ ሳቁ፤ ታሪኩን ስንት ጊዜ እንደሰሙት ከሳቃቸው ያስታውቃል። አያታቸው በገዛ እጃቸው የኮምፒውተሩን ቀን አበላሽተው ከሥራ የወጡበት ታሪክ የቤተሰቡ ቀልድ ሆኗል። እኔም ሳቅኩ። የቀረበልኝን በላሁ፣ ሙሽራዋን መረቅኩ፣ ሳይጨልም ልሂድ ብዬ ተነሣሁ።

ማክሰኞ ማታ ደረጃውን ጨርሼ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ልጃቸው ጋ ደወልኩ። ጋሽ እንድሪስ ደህና ናቸው አለኝ፤ ይሄዳሉ፣ ይበላሉ፣ ሬዲዮናቸውን ግን ትተዋል። ጆሯቸው ከዳቸው። አሁን የሚሰሙት አጠገባቸው ተቀምጦ የሚጮኽ ሰው ሲያናግራቸው ብቻ ነው፤ ልጆቹም ማን ምን እንዳላቸው ለማወቅ ከየክፍሉ ይሰበሰባሉ። «ቅዳሜ ነይ፣ ደስ ይላቸዋል፤ ብቻ ጮክ ብለሽ ነው የምታወሪያቸው» አለኝ።

እሺ አልኩት። ያኔ ባዶ ኮሪደር ላይ በሹክሹክታ ልናገረው እችል የነበረውን ነገር ቅዳሜ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት ጮኼ መናገር አለብኝ።